ለግብር ተጽፎ ለዘር የተረፈ

ነቀምቴ ላይ የድሮውን ነገር የሚያውቅ ሽማግሌ ስለ ሌቃ ገዢዎች ቢጠየቅ፣ በከሬ ጎዳና፣ ልጃቸው ሞረዳ፣ የልጅ ልጃቸው ኩምሳ እያለ ሳይደናቀፍ ይቆጥራል። ከኩምሳ ዘመን የተረፈውን ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው ግን የሚያገኘው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔርን ነው። ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው። ሞረዳ በ1874 ዓ.ም. የእምባቦ ጦርነት በተደረገበት ሰሞን ሳይዋጉ ለምኒልክ የጦር አዛዥ ለራስ ጎበና ገቡ፤ ልጃቸው ኩምሳ ደግሞ ክርስትና ሲነሡ ምኒልክ የክርስትና አባት ሆነዋቸው ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር ተባለ። ይህን ሳያውቅ ወረቀቱን ብቻ ይዞ የተቀመጠ ሰው፣ አባታቸው የማይታወቅ አንድ ደጃዝማች ይገጥሙታል። ሽማግሌውን ብቻ የሰማ ደግሞ ሰውዬው በየትኛው ዓመት፣ ከማን ጋር፣ ስለምን እንደተጻጻፉ አይነገረውም።

እነዚያ ወረቀቶች ሲጻፉ የማንንም ዘር ለመቁጠር አልነበረም። ሌቃ ነቀምቴ ግብሯን እየከፈለች በራሷ ገዢ የምትተዳደር አገር ነበረች፤ ግብር ባለበት ደግሞ ደብዳቤ አለ። ወርቁ ደረሰ ወይስ አልደረሰም? የዝሆን ጥርሱስ? ከከፋዩ ወገን ያለ ሰው እንዲህ ያለውን ወረቀት የሚያስቀምጠው ነገ «አልከፈልክም» ሲባል መከራከሪያ እንዲሆነው ነው። ከአንድ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ተሰማ ታአና ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ትሪውልዚ የነቀምቴን ሰነዶች ሰብስበው ለንባብ አበቁ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስም በመጽሐፍ አወጣቸው። ያን ዘመን የሚጽፍ ሁሉ ዛሬ እነሱን ሳይነካ አያልፍም።

የጎንደርም ነገር ከዚህ አይርቅም። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክረሚ የጎንደር ባላባቶችን ቤተሰብ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእናት ወደ ሴት ልጅ እየተከተለ የተነተነው በብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ከሰፈሩ የመሬት ሽያጭ፣ የስጦታና የውርስ ማስታወሻዎች ተነሥቶ ነው። ብዙዎቹ ብራናዎች ከመቅደላ ተዘርፈው ለንደን የገቡ ናቸው። ወንጌሉን የጻፈው ሰው ታሪክ ሲሰጠን፣ በኅዳጉ «እገሊት ለእገሌ ርስቷን ሸጠች» ብሎ የጫረውም ታሪክ ሰጥቶናል፤ እንደ እኔ ከሆነ የሁለተኛው ይበልጣል። የዜና መዋዕል ጸሐፊ ስማቸውን ያልጠራቸው ሴቶች እዚያ ውስጥ ባለ ርስት ሆነው ይገኛሉና።

የንብረት ወረቀት ምን ያህል እንደሚናገር፣ ምን ያህልም ጨካኝ እንደሆነ ለማየት ከአሜሪካ የቅኝ ግዛት ዘመን አንድ ሰው ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1757 ቨርጂኒያ ውስጥ ዳንኤል ፓርክ ከስቲስ የሚባል ባለጸጋ በ45 ዓመቱ ሳይናዘዝ ሞተ። ማርታ የምትባል ወጣት ሚስትና ሁለት ትንንሽ ልጆች ነበሩት። ሳይናዘዝ ለሞተ ሰው ሕጉ ይናዘዝለታል። በዚያ አገር ሕግ ሚስት ከባሏ ሀብት ሲሶው ይደርሳታል፤ ነገር ግን በሕይወት እስካለች ትጠቀምበታለች እንጂ አትሸጠውም፣ አትለውጠውም፤ ስትሞት ለባሏ ወራሾች ይመለሳል። በዚህ ሲሶ ውስጥ በባርነት የተያዙ ሰዎችም ነበሩ። ማርታ ከሁለት ዓመት በኋላ ጆርጅ ዋሽንግተንን አገባች።

አርባ ዓመት አለፈ። በ1799 ዋሽንግተን ኑዛዜውን ባሰናዳበት ጊዜ በርስቱ በማውንት ቨርነን ያሉትን ባሪያዎች በስም ዘረዘረ። 317 ሰዎች ናቸው። ስማቸው፣ ሥራቸው፣ የብዙዎቹም ዕድሜ፣ ማን የማን ሚስት፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ተጽፏል። ከእነዚህ 153ቱ የዚያ ሳይናዘዝ የሞተው ሰው ሲሶ ነበሩ። ዋሽንግተን ነጻ ይውጡ ብሎ የተናዘዘው ለራሱ ለሆኑት ብቻ ነው፤ በከስቲስ ሲሶ ላይ ሥልጣን አልነበረውም። ሁለቱ ወገኖች ግን በእነዚያ ዓመታት ተጋብተው፣ ተዋልደው ነበር። ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላልና አባት ነጻ ወጥቶ ሚስትና ልጆች በባርነት የቀሩበት ቤተሰብ ብዙ ነው። በ1802 ማርታ ስትሞት ሲሶው ለአራት የልጅ ልጆች ተከፋፈለ።

ሬሳው ከተቀበረ 45 ዓመት ያለፈው ሰው አለመናዘዙ፣ እሱ ከሞተ በኋላ የተወለዱ ሕፃናትን ከአባታቸው ለየ። ዛሬ የእነዚያ ሕፃናት ተወላጆች ቅድመ አያቶቻቸውን ሲፈልጉ ከሚያገኟቸው ጥቂት ማስረጃዎች አንዱ ይኸው የጌታው የንብረት ዝርዝር ነው። የጥቁር አሜሪካውያንን ዘር የሚያጠኑ ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁት «አያትህ ማን ነው?» ብለው ሳይሆን «ጌታው ማን ነበር?» ብለው ነው፤ ከዚያ የጌታውን ኑዛዜ፣ የውርስ ዝርዝሩን፣ የአጣሪውን ሒሳብ ያወጣሉ።

ጥያቄው ወለጋ ላይም ይሠራል፤ ምቾት ባይሰጥም። ኦነሲሞስ ነሲብ ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አካባቢ ሂካ ተብሎ የተወለደ ልጅ ነበር። በሕፃንነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ፤ ያሳደጉት የስዊድን ሚሲዮናውያን ናቸው። ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመውበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። በ1904 ነቀምቴ ገብቶ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1931፣ እዚያው ኖረ። ታሪኩን በዝርዝር የምናውቀው ሚሲዮኑ መዝገብ የሚይዝ ድርጅት ስለነበረ ነው። ከእርሱ ጋር በአንድ መንገድ የተነዱት፣ ምጽዋ ሳይደርሱ በየባለጸጋው ቤት የቀሩት ግን ስማቸውን የሚጽፍላቸው አልነበረም። የአንዱ ስም የተረፈ እንደሆነ የሚተርፈው በጌታው ቤት ጉዳይ ውስጥ ነው፤ በጥሎሽ፣ በክርክር፣ በውርስ ክፍፍል።

በሽማግሌ ቃል የተያዘው ሐረግ እንዲህ ያለውን ሰው አንዳንዴ ጨርሶ ይዘለዋል፣ አንዳንዴም አቅፎ ይይዘዋል። በኦሮሞ ባህል የጉዲፈቻ ልጅ ልጅ ነው። በሐረጉ ይቆጠራል፤ ከአብራክ የወጣ አይደለም ብሎ በአደባባይ የሚናገር ሰው ነውረኛ ነው። ይህ የባህሉ ክብር ነው እንጂ የታሪክ ስህተት ሊባል አይገባም። ፍርድ ቤት የቀረበ የወራሽነት ክርክር ግን እንዲህ ያለውን ነገር ያወጣዋል፤ ተከራካሪ ወገን የሚሸፍነው ነውር የለውምና። ሁለቱን ጎን ለጎን ያላስቀመጠ ሰው ግማሹን ብቻ ያውቃል። ነጋሶ ጊዳዳ የሰዮ ኦሮሞን ታሪክ እ.ኤ.አ. ከ1730 ገደማ ጀምሮ ሲጽፍ ለጥንቱ ዘመን ያገዘው በቃል የተላለፈው ትውፊት ነበር። ደምቢ ዶሎ ላይ የዚያን ዘመን ፍርድ ቤት መዝገብ ቢፈልግ ከየት ያመጣዋል?

ለኋለኛው ዘመን ግን መዝገብ አለ፤ ሰው አይፈልገውም እንጂ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። በግልጽ የሚደረገው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ሆኖ በሥራው ላይ ከተገኘ ሁለት ይበቃሉ። ተናዛዡ በገዛ እጁ የሚጽፈው አለ፤ እሱ በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። ሦስተኛው ሞት የቀረበው ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው የቃል ኑዛዜ ነው፤ ሰውዬው ድኖ ሦስት ወር ከኖረ ቃሉ ይቀራል። ያልተናዘዘ ሰው ልጆችም ቤቱን በስማቸው ለማዞር ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት አለባቸው። ማመልከቻው ላይ ሟች መቼ እንደሞቱ፣ ከማን እንደወለዱ፣ ስንት ልጅ እንደተዉ ይሰፍራል። በአገራችን የልደትና የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ለሞተ የነቀምቴ፣ የጊምቢ ወይም የነጆ ነዋሪ ከዚህ መዝገብ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይቸግራል።

መዝገቡ የራሱ ቀዳዳ አለው። የየካቲት 1967 አዋጅ የገጠር መሬትን ከግል ባለቤትነት ሲያወጣ ማሳ በኑዛዜ ማውረስ ቀረ። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመት ፍርድ ቤት የሚገኘው የከተማ ቤት ያለው ሰው ውርስ ነው፤ ገበሬው ይጠፋል። ከ1984 ወዲህ ደግሞ የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች ሥራ በኦሮምኛና በቁቤ ሆነ። አያት በአማርኛ መዝገብ ጫላ ተብለው ሲሰፍሩ የልጅ ልጁ በቁቤ ፊደል ተመዝግቧልና፣ አንዱን አጻጻፍ ብቻ ይዞ የሚጠይቅ ሰው «የለም» ተብሎ ይመለሳል። የክርስትና ስሙ ሲጨመርበት የባሰ ነው፤ የደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ዓይነት ጣጣ በየመንደሩ አለ።

መዝገቡ እጅ ሲገባ ብዙ ሰው ዓይኑን የሚጥለው «ቤቱን ማን ወሰደው?» የሚለው ላይ ነው። ለዘር ፍለጋ ግን ይህ ከሁሉ ያነሰው ክፍል ነው። ይልቅ በልጆቹ ዝርዝር ውስጥ የሌለው ልጅ ማን እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል፤ ቀድሞ ድርሻውን የወሰደ ታላቅ ልጅ፣ ወይም ከመጀመሪያዋ ሚስት የተወለደች ሴት ልጅ ልትሆን ትችላለች። መቃወሚያ ይዞ የገባ ሰው ካለ፣ ዘመድነቱን ለማስረዳት ሲል ማንም የማይነግረንን ሦስትና አራት ትውልድ ይተርካል። ከሥር ደግሞ የአውራ ጣት አሻራ ያረፈበት የምስክሮች ስም አለ። በሰው አልጋ አጠገብ ቆሞ ኑዛዜ የሚሰማ ሰው ጎረቤት፣ የእድር ሰው፣ ቤተ ዘመድ ወይም የነፍስ አባት ነው፤ መንገደኛ አይጠራም። ስማቸውን ጽፎ፣ በዚያው ከተማ በተከታዮቹ ሃያና ሠላሳ ዓመታት የተከፈቱትን የውርስ መዝገቦች በእነሱ ስም የፈተሸ ሰው፣ ከአራቱ ምስክሮች አንዱን በሌላ መዝገብ ላይ ሟች ሆኖ ሊያገኘው ይችላል፤ ከሥሩም አዲስ የምስክሮች ዝርዝር።