እንግዳና አላፊ

በየትምህርት ቤቱ የአገራችን የአየር ጠባይ ቆላ፥ ወይና ደጋና ደጋ ተብሎ በሦስት ተከፍሎ ይነገራል። መምህሩ ቃሉን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፈዋል፤ ተማሪው ወደ ደብተሩ ይገለብጠዋል፤ ሹሙም በሪፖርቱ ውስጥ ያገባዋል። ከነዚህ ሁሉ መካከል ግን «ወይና ደጋ» ሲል የወይን ግንድ በዓይነ ሕሊናው የሚታየው ሰው ጥቂት ነው። ቃሉ የሚለው ግን ይኸንኑ ነው፤ ወይን የሚበቅልበት ደጋ ማለት ነው። አባቶቻችን ለዚህ የአገር ክፍል ስም ባወጡለት ጊዜ በጤፉ ወይም በኑጉ ሳይሆን በወይኑ ጠሩት። ቋንቋ እኛ የረሳነውን ነገር ያስቀምጥልናል፤ ነገር ግን የሚነግረን ስንጠይቀው ብቻ ነው።

የጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ ስለ ሆነ ዳርቻው በዚሁ በወይና ደጋ ውስጥ ይገኛል። በተለይም ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ያለው አገር ከወይን ጋራ ረዥም ትውውቅ አለው። በ1535 ዓ.ም.፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1543፥ ዐፄ ገላውዴዎስ ከኢማም አሕመድ ጋራ ተዋግተው ኢማሙ የወደቁበት ስፍራ ስሙ ራሱ ወይና ደጋ ይባላል። ከዚያም በኋላ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት በዚያ በኩል ያለፉ መንገደኞች በእንፍራንዝና በይፋግ አካባቢ ስለሚበቅለው ወይን ጽፈዋል። ቤተ ክርስቲያን ለቍርባን የምታቀርበው ወይን ከዘቢብ የሚጨመቅ ስለ ሆነም፥ ወይን ለአገሩ ሰው የማዕድ ብቻ ሳይሆን የመቅደስም ነገር ነው።

ዛሬ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ የሚያልፍ ሰው የሚያየው ሩዝ፥ ጤፍ፥ ጓያና ሽንኩርት ነው። በስፋት የተተከለ ወይን ማየት የፈለገ እንደ ሆነ ፊቱን ወደ ደቡብ መልሶ ወደ ስምጥ ሸለቆ መውረድ ይኖርበታል፤ በዚያ በዝዋይ አጠገብ አንድ የፈረንሳይ ኩባንያ ካስተከለው የወይን እርሻ የተገኘው ጠጅ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2014 ለገበያ ቀርቧል። በጣና ምሥራቅ ግን የቀረው ስሙ ነው። እንግዲህ ይህ አገር በመስኮት ሊታይ የማይችል ታሪክ ያለው አገር ነው። ስለዚህም አንድ ጥያቄ ያስነሣብናል፤ ይኸውም፦ ባንድ አገር ውስጥ ያለፈ ሰው ያን አገር አየሁ ለማለት የሚችለው ምን ባደረገ ጊዜ ነው? የሚል ነው።

እስቲ እንደ ዘመናችን ልማድ አንድ ጉዞ እናስብ። በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ከሌላ ከተማ ከመጡ ሦስት ወዳጆቹ ጋራ መኪና ተከራይቶ በዕረፍቱ ቀን ከባሕር ዳር ማለዳ ይነሣል። የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ በሐሙሲት፥ በወረታ፥ በአዲስ ዘመንና በእንፍራንዝ በኩል 180 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ጎንደር ይደርሳል። በመካከሉ በዐፄ ሠርፀ ድንግል እንደ ተሠራ ከሚነገረው ከጉዛራ ግንብ ሥር ጥቂት ደቂቃ ይቆማል። በጎንደር ምሳውን በልቶ፥ ግንቦቹን ዞሮ፥ ማታ ወደ ባሕር ዳር ይመለሳል። በስልኩ ውስጥ መቶ ሥዕል ተነሥቷል። ነገር ግን በዚያ ቀን ያነጋገረው ማንን ማንን ነው ብለን ብንቈጥር፥ ነዳጅ ቀጂውን፥ ምሳ ያቀረበችለትን ልጅና በግንቡ በር ትኬት የሚቈርጠውን ሰው ሆኖ እናገኘዋለን። በይፋግ ያለፈ ወይኑን የሚያነሣለት ሰው አላገኘም፤ ምክንያቱም ማንንም የጠየቀ የለም።

ይህን ስንል መኪናን ለመንቀፍ አይደለም። ቀድሞ በበቅሎ ቀናት ይወስድ የነበረውን መንገድ ዛሬ በጥቂት ሰዓት የሚያደርሰው እርሱ ነው። ምጥ የያዛትን ሴት ከገጠር ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርሳት፥ መጻሕፍትን ወደ ትምህርት ቤት የሚያመጣው እርሱ ነው። ደግሞም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚያርፍ ሰው አገሩን ማየት ከፈለገ በዚያች ቀን በመኪና መሄዱ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይሆንም። በበቅሎ ወይም በእግር መሄድም ብቻውን ማስተዋልን አይሰጥም፤ ልቡ የተኛ ሰው በእግሩ ሲሄድ እንቅፋቱን ብቻ ያያል። ስለዚህ ነቀፋችን በፍጥነቱ ላይ አይደለም።

ነገሩ ያለው በሌላ ዘንድ ነው። በአገራችን ልማድ መሽቶበት ከሰው ደጅ የሚቆም መንገደኛ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል። በዚህ አነጋገር መንገደኛው ችግሩን ይገልጣል፥ ባለቤቱም አደራ ይቀበላል። እግሩ ይታጠባል፤ ከእሳቱ ዳር ይቀመጣል፤ ከዚያም «ከወዴት መጣህ? የማን ልጅ ነህ? ባገራችሁ ዝናሙ እንዴት ሰነበተ?» እየተባለ ይጠየቃል። እንግዲህ እንግዳ ማለት የሚጠይቅ ሰው ብቻ አይደለም፤ የሚጠየቅም ሰው ነው። ባለቤቱ እንግዳውን በመጠየቁ ራሱ ከሩቅ አገር ወሬ ያገኛል፤ እንግዳውም በመመለሱ ማንነቱን ለፍርድ ያቀርባል። በመኪና የሚሄደው ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው። ውሃው በላስቲክ ጠርሙስ፥ መንገዱ በስልኩ ካርታ ላይ፥ ማደሪያው በከተማው ሆቴል ተሰናድቶለታል። የማንም ችግረኛ ስላልሆነ የማንም እንግዳ አይሆንም። እንግዳ ካልሆነም አላፊ ነው፤ አላፊ ደግሞ የሚያይ እንጂ የሚጠየቅ አይደለም።

በዚህ ላይ ተቃዋሚ ቢነሣብን እውነት አለው። የቀድሞውን እንግድነት እንዲያው ማወደስ ባላገሩን መበደል ይሆናልና። ንጉሥ ያዘዘለት መንገደኛ በደረሰበት መንደር ሁሉ ድርጎው ይቀርብለት ነበር፤ የሚያቀርበው ግን ንጉሡ ሳይሆን ባላገሩ ነበረ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የነበረው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የጻፈው መጽሐፍ፥ የየመንደሩ ሰው የመልእክተኞቹን ጓዝ እየተሸከመ፥ ምግባቸውንም እያቀረበ ያሳልፋቸው እንደ ነበረ ያስረዳል። ከጌታው ጋራ የሚመጣ ጭፍራም ነበረ፤ እርሱ ያደረበት ጎተራ እንዴት ሆኖ እንደሚያድር ለባላገር ልጅ መንገር አያስፈልግም። እንግዳ ተቀባይ የተባለው ሕዝብ ከፊሉን በፈቃዱ፥ ከፊሉንም በግድ ነበር የተቀበለው። በዚህ በኩል ሲመዘን ስንቁን ይዞ ገንዘቡን ከፍሎ የሚያልፍ መኪና ከብዙ የጥንት መንገደኛ ይልቅ ጽድቅ አለው።

እንግዲህ በቀድሞው እንግድነት ውስጥ ተቀላቅለው የነበሩትን ሁለት ነገሮች መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው በሰው ማዕድ መብላት ነው፤ ሁለተኛው በሰው ዕውቀት መጠቀም ነው። የፊተኛውን ገንዘብ ሊተካው ይችላል፤ ተክቶትም ባላገሩን አሳርፎታል፤ መልካም ነው። የኋለኛውን ግን ምንም ነገር ሊተካው አይችልም። ስለ መሬቱ የሚያውቀው በመሬቱ ላይ ያለው ሰው ነው፤ ይህም ዕውቀት የሚገኘው አላውቅም ብሎ ቁጭ ለሚል ሰው ብቻ ነው። የእኛ ዘመን መንገደኛ ስሕተቱ እንጀራ መለመን መተዉ ሳይሆን ከእንጀራው ጋራ አብሮ ጥያቄውንም መተዉ ነው። ከሰው ችሮታ ነጻ መውጣቱን ከሰው ዕውቀትም ነጻ እንደ መውጣት አድርጎ ቈጠረው።

ይህ ነገር ለሽርሽር በሚሄደው ሰው ላይ ብቻ ቢቀር ጉዳቱ ቀላል ነበረ፤ የሚጐድልበት እርሱ ራሱ ነውና። ነገር ግን በዚያው መንገድ ላይ የሚያልፈው ሹምም አለ፤ የሚያልፈውም ለመወሰን ነው። ለምሳሌ የፎገራን ሜዳ እንመልከት። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው በሜዳው ላይ ሲተኙ በመኪና መስኮት ለሚያይ ሰው የሚታየው ጥፋት ብቻ ነው። በእውነቱም ጎርፉ ቤት ያፈረሰበትና ሰው ያፈናቀለበት ጊዜ አለ። ዳሩ ግን በደርግ ዘመን ወደዚህ ሜዳ የገባው ሩዝ የተስማማው ይኸው ውሃ የሚተኛበት መሬት ነው፤ ቀድሞ በክረምት ብዙ የማይታረሰው መሬት ዛሬ የሩዝ ማሳ ሆኗል፤ በወረታ አጠገብም የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሟል። ውሃው በየትኛው ማሳ ላይ ጠላት፥ በየትኛው ላይ ወዳጅ እንደ ሆነ፥ ስንት ቀን ሲተኛ እንደሚጠቅምና ከስንት ቀን በኋላ እንደሚያጠፋ የሚያውቀው ገበሬው ነው። በመስኮት አይቶ «ሜዳው በውሃ ተጥለቅልቋል» ብሎ የጻፈ ሰው ሐሰት አልጻፈም፤ ነገር ግን በዚያ ጽሑፍ ላይ ተመሥርቶ የሚሰጠው ትእዛዝ ባላገሩን ሊጐዳው ይችላል። እንደዚሁም ተማሪዎቹን በአውቶቡስ ይዞ አምስት ስፍራ ባንድ ቀን የሚያሳይ መምህር የአምስት ስፍራ ስም ያስጠናቸዋል እንጂ ያንዱንም ጠባይ አላሳያቸውም።

ደግሞም መንገድ ራሱ የሰው ችሮታ መሆኑን የሚያስታውሰን ነገር በቅርቡ ደርሷል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ይህንኑ መንገድ ደጋግሞ ዘግቶታል። በመኪናው ብቻውን ሲሄድ የማንም ዕዳ የሌለበት ይመስለው የነበረው ሰው፥ ጉዞው የተቃናው በግራና በቀኝ ያለው ሕዝብ በሰላም ውሎ ስላደረ እንደ ሆነ የሚገባው መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ነው። ሰላም ሲኖርም የሕዝቡ ሰላም የእርሱ ስንቅ መሆኑን ያወቀ ሰው በዚያ ሕዝብ መካከል ዝም ብሎ ለማለፍ ያፍራል።

ታዲያ አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ምን ያድርግ? መልሳችን ቀኑን አይሙላው የሚል ነው። ከአምስቱ ስፍራ አራቱን ይተውና አንዱን ይምረጥ። ይፋግን የመረጠ እንደ ሆነ መኪናውን አቁሞ ከገበያው ይግባ፤ የሚገዛውን በዋጋው ይግዛ፤ በዕድሜ የገፉትን አባት አግኝቶ ባርኔጣውን አንሥቶ «አባቴ፥ ባገርዎ ወይን ይበቅል ነበር ይባላል፤ እርስዎስ ምን ሰምተዋል?» ብሎ ይጠይቅ። ምናልባት ስለ ወይን የሚያውቁት ነገር አይኖር ይሆናል፤ ስለ መሬቱ ግን ብዙ ነገር ያውቃሉ፤ ከመንገራቸውም በፊት «አንተስ ልጄ፥ የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል። ያን ጊዜ ሰዓቱን ሳያይ ይመልስላቸው። ሥዕል ለማንሣት ከፈለገም ያን ጊዜ ይጠይቃቸው፤ ሳይጠይቅ ያነሣው መልክ የተሰጠው ሳይሆን የወሰደው ነውና።

በዚህ ዓይነት የሄደ ሰው ማታ ባሕር ዳር ሲመለስ የሚያወራው ጥቂት ይሆናል። የጎንደርን ግንብ ሳያይ ቀርቷል፤ ወዳጆቹም «ያን ያህል ገንዘብ ከፍለህ ይፋግ ብቻ?» ብለው ሊስቁበት ይችላሉ። ነገር ግን በሚመጣው ጊዜ በዚያ መንገድ ሲያልፍ የሚያውቁት ሰው አለ፤ ሹም ቢሆን ስለዚያ አገር ወረቀት ቀርቦለት ከመፈረሙ በፊት ስሙን የሚያስታውሰው ሰው አለ፤ መምህርም ቢሆን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ወይና ደጋ ብሎ ሲጽፍ ለተማሪዎቹ የሚነግራቸው ነገር አለው።