ጥቁር አዝሙድ እና የአክስቴ ጥያቄ



ምስጋና ሁሉ በሽታን ፈጥሮ መድኃኒቱንም ለፈጠረው አላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የዛሬው የጁሙዓ መልእክት ከአንድ ጥያቄ ይነሳል። የጠየቀችኝ አክስቴ ናት፤ ደሴ ውስጥ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና። «ልጄ፣ የነብዩ ቃል እውነት ነው። ታዲያ እኔን ያላዳነኝ የቂኔ ጎድሎ ይሆን?» አለችኝ። ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። አቀርቅሬ ዝም አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ የስኳር ታማሚ ናት። መርፌዋን እየወጋች፣ ኪኒኗን እየዋጠች ለዓመታት ደህና ኖራለች። አንድ ቀን በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አንድ ምስል ተለቀቀ። የጥቁር አዝሙድ ዘይት ጠርሙስ ነው። ከላይ በትልልቅ ፊደል ሐዲሱ ተጽፏል፤ ከሥሩ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ጉበት፣ ካንሰር እያለ ይዘረዝርና «ኪኒን ለዘላለም ይሰናበቱ» ይላል፤ መጨረሻ ላይ ስልክ ቁጥር አለው። አክስቴ ደውላ አስመጣች። ሻጩም «እናቴ፣ ሁለቱን አንድ ላይ የሚወስድ ሰው የቂኑ ሙሉ አይደለም» አላት። መርፌውን ተወችው። በአምስተኛው ሳምንት እግሯ ላይ የነበረች ትንሽ ቁስል አመርቅዛ፣ እሷም ራሷን ስታ ሆስፒታል ገባች። አልሐምዱሊላህ ነፍሷ ተረፈች። ሁለት የእግሯ ጣቶች ግን ተቆረጡ።

ያን ምስል ግሩፑ ላይ የለቀቅኩት እኔ ነኝ። አንብቤው፣ ወድጄው፣ «ሰው ይጠቀም፣ አጅር አገኝበታለሁ» ብዬ ነው ሼር ያደረግኩት።

ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው በከፊል የአክስቴን ጥያቄ ለመመለስ፣ በከፊል ደግሞ የራሴን ዕዳ ለመቀነስ ነው።

በመጀመሪያ ሐዲሱ ሶሒሕ ነው፤ በዚህ ማንም አይጠራጠር። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ዘግበውታል፤ እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) አስተላልፈውታል። በጥቁሯ ፍሬ ውስጥ ከሞት በስተቀር ለሁሉም በሽታ ሺፋ እንዳለ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ዑለማዎች የተነጋገሩት «ሁሉም» የሚለው ቃል ምን ለማለት እንደተፈለገበት ነው። ይህን ጥያቄ የዘመኑ ሐኪሞች ያመጡት እንዳይመስላችሁ። ኢማም አል-ኸጣቢ ከሺህ ዓመት በፊት አንስተውታል። ቃሉ ጥቅል ነው፣ የተፈለገበት ግን የተወሰነ ነው ብለዋል፤ የበሽታዎችን ሁሉ ጠባይ የሚቃወም ባሕርይ በአንድ ዕፅ ውስጥ አይገኝምና። በዘመናቸው የሕክምና አነጋገርም ከቅዝቃዜና ከእርጥበት ለሚመጣ ሕመም ነው ብለው ተረጎሙት።

ኢብኑል ቀይም «ዛዱል መዓድ» በተሰኘው ኪታባቸው ያመጡት ማስረጃ ደግሞ እኔን ቁጭ አድርጎ ያሳሰበኝ ነው። በሱረቱል አሕቃፍ፣ በዓድ ሕዝቦች ላይ የተላከችው ነፋስ በጌታዋ ትእዛዝ ሁሉን ነገር እንደምታጠፋ ተነግሯል። ያው አንቀጽ ግን ወዲያው ሲነጋ ከመኖሪያ ቤቶቻቸው በቀር የሚታይ እንዳልነበረ ይነግረናል። ቤቶቹ ቆመዋል ማለት ነው! እንግዲህ «ሁሉን» ሲባል ልታጠፋው የተላከችበትንና መጥፋት የሚቀበለውን ሁሉ ነው። የጥቁር አዝሙዱም «ሁሉም» እንደዚሁ ነው ይላሉ።

ቃሉን በጥቅልነቱ የያዙም ዑለማዎች አሉ፤ እሱን መደበቅ አይገባም። ነገር ግን ኢብኑ ሐጀር «ፈትሑል ባሪ» ላይ እንዳብራሩት፣ ለሁሉም በሽታ ሺፋ ናት ማለት ለሁሉም በሽታ ብቻዋን ትሰጣለች ማለት አይደለም። አንዳንዴ ብቻዋን፣ አንዳንዴ ከሌላ ጋር ተቀላቅላ፣ ተፈጭታም ሳትፈጭም፣ ተበልታ፣ ተጠጥታ፣ በአፍንጫ ተስባ ወይም በቁስል ላይ ተለጥፋ ነው። ሐዲሱን በጥቅልነቱ የያዙት ሰዎች ሌላውን መድኃኒት ጣሉ አላሉም። ያንን የጨመረው ጠርሙሱ ላይ የጻፈው ሰው ነው።

እዚያው ቡኻሪ ላይ አንድ ደስ የሚል ዘገባ አለ። ጋሊብ ኢብኑ አብጀር የሚባል ሰው በመንገድ ላይ ታመመ፤ መዲና ሲደርሱ ኢብኑ አቢ ዓቲቅ ሊጠይቀው መጣ። ከጥቁሯ ፍሬ አምስት ወይም ሰባት ወስዳችሁ ፍጩ፣ ከዘይት ጠብታ ጋር በአፍንጫው በዚህኛውም በዚያኛውም ቀዳዳ አንጠብጥቡለት አላቸው። ልብ በሉ፤ መጠን አለ፣ አዘገጃጀት አለ፣ በየት በኩል እንደሚሰጥም ተነግሯል። «ጠርሙሱን ጨርስ» አላለም። (እናቶቻችን ጉንፋን ሲይዘን ጥቁር አዝሙድ በነጠላ ጫፍ ቋጥረው በእጃቸው እያሹ የሚያሸቱን ነገር ከዚህ ጋር እንዴት እንደሚቀራረብ አይገርማችሁም? እኔ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የእማዬ ፈጠራ ይመስለኝ ነበር።)

የዛሬ ተመራማሪዎችስ ምን አገኙ? በፍሬዋ ዘይት ውስጥ ብዙ የተጠናው ንጥረ ነገር ታይሞኪኖን ይባላል። በሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ጥቁር አዝሙድ የጾም የደም ስኳርን፣ ኮሌስትሮልንና የደም ግፊትን በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ ይጠቁማሉ። ሱብሃነላህ፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ሙሉውን እንናገር ከተባለ አብዛኞቹ ጥናቶች ጥቂት ሰዎች ላይ፣ ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት የተደረጉ ናቸው። በስኳር ታማሚዎች ላይ ከተደረጉት ደግሞ በብዙዎቹ ተሳታፊዎቹ የሐኪም መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ነው ጥቁር አዝሙዱን የጨመሩት። ኢንሱሊን የሚያስፈልገውን ሰው ከኢንሱሊን ነጻ አውጥቶታል የሚል ጥናት የለም። በተቃራኒው፣ ስኳርን ስለሚቀንስ ከስኳር መድኃኒት ጋር ብዙ ከተወሰደ ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውም መጠንቀቅ አለበት። ወጥና ዳቦ ላይ የሚነሰነሰው መጠን ሌላ ነገር ነው፤ እያወራሁ ያለሁት በማንኪያ ስለሚጠጣው ዘይት ነው።

ሻጩ «ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ የየቂን ጉድለት ነው» ያለውን ነገር ደግሞ ከሲራ አንጻር እንየው። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) በታመሙ ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሊጠይቋቸው መጡ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሕመሙ የልብ እንደሆነ ነገሯቸውና ወደ ሐሪስ ኢብኑ ከለዳ እንዲሄዱ አዘዟቸው፤ እሱ ሕክምና የሚያውቅ ሰው ነበርና። በዚያው ንግግር ሰባት የዓጅዋ ተምር ከነፍሬው ተደቁሶ እንዲሰጣቸውም አመለከቱ። በሰነዱ ላይ የተናገሩ ዑለማዎች ቢኖሩም ሐሳቡን የሚያጠናክር ሌላ ሐዲስ አለ፤ አላህ ከእርጅና በቀር መድኃኒት ያላበጀለት በሽታ እንደሌለና እንድንታከም ያዘዙበት ነው። ሐኪሙም ተምሩም በአንድ አፍ ተነገሩ። ሰበብ ማድረስ ተወኩልን የሚያጎድል ቢሆን ኖሮ ከእሳቸው በላይ ተወኩል ያለው ማን ነበርና!

ዕፅን መፈተሽ፣ መጠኑን መለየት፣ «ሠርቷል ወይስ አልሠራም» ብሎ መጠየቅም ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም። አር-ራዚ ሲርሳም የሚባለውን የራስ በሽታ ደም በማውጣት ሲያክሙ አንዱን የታማሚ ቡድን ሆን ብለው ደም ሳያወጡ ተዉት፤ ልዩነቱን ለማየት። ይህ ከሺህ ዓመት በፊት ነው። የማላጋው ኢብኑል በይጣር ደግሞ ከአንዳሉስ እስከ ሻም እየዞሩ ዕፅ ሰበሰቡ። በ1248 ደማስቆ ሲሞቱ ወደ 1,400 የሚጠጉ መድኃኒቶችን የሚገልጽ ኪታብ ትተው ነው። ከሌላ ሰው የሰሙትን ሁሉ እንዳለ አልገለበጡም፤ የቀደሙት የተሳሳቱበትን እየለዩ ያርሙ ነበር።

ከአገራችን አንድ ልጨምር። በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በሽታው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች በኩል ነው የሚተላለፈው። እንዶድን እናቶቻችን ከዘመናት ጀምሮ ያውቁታል፤ ነጠላ ያነጣሉበታል። እሳቸው ግን «ለምን ሞቱ?» ብለው ጠየቁ፤ ሕያው ቀንድ አውጣ አረፋው ውስጥ አስገብተው ሞከሩ፤ ከዚያም ዓመታት የፈጀ ምርምር ተከተለ። በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸለሙበት። ይኸው እንዶድ ሰው ቢጠጣው ደግሞ ይመርዘዋል። ያው ቅጠል፣ ያው ፍሬ ነው፤ ልዩነቱ አጠቃቀሙን ማወቅ ላይ ነው። ኮሶም እንደዚያ ነበር፤ አያቶቻችን ለኮሶ ትል ሲጠጡት መጠኑ ካለፈ ሰው ይጎዳ እንደነበር ያውቁ ነበር።

ማርም ቢሆን አላህ በሱረቱን ነሕል ለሰዎች ሺፋ እንዳለበት የነገረን ነው፤ ለሕፃናት ሳልና ለአንዳንድ የቃጠሎ ቁስል እንደሚረዳ ጥናቶች አሳይተዋል። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን አይሰጥም፤ አንጀቱ ገና ስላልጠነከረ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ በሽታ ሊይዘው ይችላል። ሰናመኪም በሐዲስ የተጠቀሰ ነው፤ ዛሬ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ለሆድ ድርቀት ተመዝግቧል። «ለማቅጠን» እያሉ በየቀኑ የሚጠጡት እህቶች ግን አንጀታቸውን እየጎዱ ነው። ቡና ላይ የምንጥለውን ጤና አዳምም ነፍሰ ጡር ሴት እንደ መድኃኒት አድርጋ በብዛት ልትጠጣው አይገባም፤ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል።

አሁን ወደ እኛ፣ ስልክ ወደያዝነው ወጣቶች ልምጣ። አቡ ዳውድ፣ ነሳኢና ኢብኑ ማጃህ የዘገቡት ሐዲስ አለ፤ በሕክምና አዋቂነት ሳይታወቅ ሰው ያከመ፣ ለደረሰው ጉዳት ዷሚን ነው፣ ማለትም ተጠያቂ ነው። ይህን ሐዲስ በየጠርሙሱ ላይ ሲለጠፍ አይተን አናውቅም። ሌላም አለ፤ በጉዞ ላይ ራሱን የተፈነከተ ሰው ጀናባ ሆነና ተየሙም ይበቃኝ እንደሆነ ጓደኞቹን ጠየቀ። እነሱም ውሃ እያለ ሩኽሳ የለህም አሉት፤ ታጠበና ሞተ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲሰሙ ገዳዮቹ እነሱ እንደሆኑ ተናገሩ፤ ካላወቁ ለምን አልጠየቁም ሲሉም ወቀሱ። እነዚያ ጓደኞቹ ክፉ አስበው አልነበረም። እኔም ክፉ አስቤ አልነበረም። ይህን ሐዲስ በልጅነቴ መድረሳ ተምሬዋለሁ፤ ስለ እኔ እንደሚናገር የገባኝ ግን የአክስቴን እግር ሲጠቀልሉ ሳይ ነው።

ዘይቱን የምትሸጡ ወንድሞችና እህቶች፣ ንግዳችሁ ሐላል ነው፤ አላህ ይባርክላችሁ። ግን ሐዲሱን ማስታወቂያ አታድርጉት። ለማን እንደማይሆንም ጻፉበት። ዕፅ የምትወስዱም ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ «ይቆጣኛል» ብላችሁ አትደብቁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? መድኃኒቱን የደበቀም እንደዚያው ነው። የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ እንጂ ዝም አትበሉ።

አክስቴ ቤቷ ከገባች በኋላ ሄጄ የኢብኑል ቀይምን ማብራሪያ፣ የነፋሷንና የቤቶቹን ነገር ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ሰማችኝና «እና ሐዲሱን ያላወቀው ሻጩ ነው እንጂ እኔ የቂኔ ደህና ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ ምስሉን የለቀቅኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። ታውቅ ኖሯል። ስሜ ላዩ ላይ ነበርና ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር፤ ሆስፒታል ሆና ስትጠይቀኝም ጭምር።

አፉ ብላኛለች። አሁን ጠዋት ቢስሚላህ ብላ መርፌዋን ትወጋለች፤ ቢስሚላህ ብላ ሊጡ ላይ ጥቁር አዝሙዷን ትበትናለች። ባለፈው ጁሙዓ ሄጄ ትኩሱን ዳቦ ቆርሳ አጎረሰችኝ። በዱዓችሁ አስታውሷት፤ እኔንም አትርሱኝ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።