ዝምድና ለምን ይቈጠራል?

ምእመናን ሆይ፤ ዝምድና የምንለው ቃል ዘመድ ከሚለው የግእዝ ስም የተገኘ ነው። በግእዙ ኦሪት ዘፍጥረት በመጀመሪያው ምዕራፍ ዕፅዋትም እንስሳትም «በበዘመዱ» እንደ ተፈጠሩ ይነገራል፤ በዚያ ስፍራ ዘመድ ማለት ወገን፥ ዐይነት ማለት ነው። በአማርኛችን ግን ቃሉ ጠበብ ብሎ በልደት ወይም በጋብቻ ለተያያዙት ሰዎች ሆነ። ቤተ ክርስቲያንም ከጥምቀት የሚገኘውን ጨመረችበት፤ የክርስትና አባትና የክርስትና ልጅ በደም ሳይገናኙ ዘመዶች ናቸውና አይጋቡም።

ቃሉ ከሁሉ ይልቅ የሚነሣው ልጅ በሚዳርበት ጊዜ ነው። ሽማግሎች ተቀምጠው ከአባት ወደ አያት፥ ከአያት ወደ ቅድመ አያት እያሉ እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወደ ጎን ያለውን የሥጋ ዝምድና ክልከላ በወንድምና በእኅት፥ በአክስትና በአጎት ወስኖታል፤ የቤተ ክርስቲያን ልማድ ግን እንደ ቀድሞው ነው። ስለ ምን ይህን ያህል ራቀ ቢባል፥ ብዙ ሰው «ነውር ስለ ሆነ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የቆሮንቶስን የመጀመሪያ መልእክት ሲተረጕም የሰጠው ምክንያት ከዚህ ይሰፋል፤ እግዚአብሔር የቅርብ ዘመድን ማግባት የከለከለው ፍቅራችን በአንድ ቤት ተዘግቶ እንዳይቀር፥ ባዕዱንም በጋብቻ እንድናዛምደው ነው ይላል። እንግዲህ ክልከላው ራሱ የተሠራው ዝምድናን ለማብዛት ነው።

እኛ የምናደርገውን ደግሞ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ደብር ሁለት ወጣቶች ታጭተው ሳለ፥ ሲቈጠር በስድስተኛው ቤት አንድ የጋራ አባት ተገኘባቸው። ጋብቻው ቀረ፤ መቅረቱ ሥርዐት ነውና አልነቅፈውም። የሚያስደንቀው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሁለቱ ቤተ ሰቦች ዘመዳሞች መሆናቸው በሽማግሌ ፊት ተረጋገጠ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም በበዓል መጠራራት ተዉ፥ በመንገድ ሲገናኙም ፊታቸውን እያዞሩ ያልፉ ጀመር። ባዕዳን ሳሉ ይጠያየቁ ነበር! በዓመቱ የልጅቱ አባት ሲሞት ከወንዱ ወገን ለልቅሶ የመጣ አልነበረም። መበለቲቱ፥ «ለመከልከል ጊዜ ዘመድ ነበርን፤ ለመቅበር ጊዜ ማን ነን?» አለች ሲሉ ሰማሁ።

ከቈጣሪዎቹ አንዱ እኔ ነበርሁ። ያን የጋራ አባት በስሙ ያነሣሁትም እኔ ነኝ። ለልቅሶው አልሄድሁም።