ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ

ያረጀ ጋዜጣ ከስኳርና ከበርበሬ መጠቅለያነት አልፎ ለፍልስፍና ጥያቄ መነሻ ይሆናል ቢባል ፌዝ ይመስል ይሆናል። ዳሩ ግን ትናንት ፍጹም እውነት መስሎ የታተመ ቃል ዛሬ ሲነበብ ሣቅ ያመጣል፤ ሣቁ ሲበርድ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይከተላል፦ ለመዋሸት ሳያስብ ሐሰት የተናገረ ሰው በምን ይጠየቃል? ለዚህ ጥያቄ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1948 (ጥቅምት 24 ቀን 1941 ዓ.ም.) በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ ከታተመ ጋዜጣ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በዚያን ዕለት ቺካጎ ዴይሊ ትሪብዩንን የገዛ ሰው «ዱዊ ትሩማንን ድል ነሣ» የሚል፣ የፊት ገጹን ከጫፍ እስከ ጫፍ የያዘ አርዕስተ ዜና አነበበ። ከዚያው ጋር በኢሊኖይ ክፍለ ሀገርም ሪፑብሊካኖች ጠራርገው ሊያሸንፉ መሆኑ ተበሥሯል። የዋሽንግተኑን ዜና የጻፉት አርተር ሲርስ ሄኒንግ ጀማሪ አልነበሩም፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ከተካሄዱ አምስት የፕሬዚዳንት ምርጫዎች የአራቱን አሸናፊ አስቀድመው በትክክል የተናገሩ ሰው ነበሩ። ቆጠራው ሲያልቅ ግን ሃሪ ትሩማን በመራጮች ጉባኤ 303 ድምፅ አገኙ፤ ቶማስ ዱዊ 189፣ ሦስተኛው ተወዳዳሪ ስትሮም ተርመንድ 39። ኢሊኖይ ራሷ ለትሩማን ድምፅዋን ሰጠች፤ የአገረ ገዥነቱንም የሴናተርነቱንም ወንበር ዴሞክራቶች ወሰዱ። ጋዜጣው የሩቁን ብቻ ሳይሆን የገዛ ደጃፉንም ስቶ ነበር ማለት ነው። ርእሱ እስኪለወጥ ድረስ 150,000 ያህል ቅጂ ታትሟል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረመረ ስሕተቱ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1947 የአሜሪካ ምክር ቤት የሠራተኛ ማኅበራትን መብት የሚያጠብ፣ ታፍት-ሃርትሊ የተባለ ሕግ አወጣ። ትሩማን አልፈርምም ብለው ቢመልሱትም፣ ሪፑብሊካኖች የበላይነት የያዙበት ምክር ቤት በእርሳቸው ላይ አጸደቀው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የቺካጎ ጋዜጦች ፊደል ለቃሚዎች ከዚሁ ሕግ በተያያዘ ጠብ የሥራ ማቆም አድማ መቱ፤ አድማው በምርጫው ዕለትም አልበረደም። ስለዚህ ጽሑፉ በጽሕፈት መኪና ተመትቶ፣ በፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ በብረት ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ መታተም ነበረበት። ይህም ብዙ ሰዓት ስለሚበላ የመጀመሪያው እትም የብዙው ግዛት ውጤት ሳይሰማ ወደ ማተሚያው መግባት ግድ ሆነበት። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል ተረቱ፤ ትሪብዩን ባፈሰሰ ሰዓት ግን ለቃሚዎቹ አድማ ላይ ነበሩ!

ይሁን እንጂ የሰዓት እጥረት ጋዜጣው ለምን እንደ ቸኮለ ያስረዳል እንጂ፣ ለምን ወደ ዱዊ እንደ ቸኮለ አያስረዳም። የሕዝብ አስተያየት መርማሪው ኤልሞ ሮፐር ነገሩ ያለቀ መሆኑን ገና በሴፕቴምበር አስታውቀው ነበር። ኒውስዊክ መጽሔት የጠየቃቸው 50 የፖለቲካ ጸሐፊዎች አንድም ሳይቀር ዱዊ ያሸንፋሉ አሉ። ላይፍ መጽሔት የዱዊን ፎቶግራፍ ቀጣዩ ፕሬዚዳንት ናቸው ብሎ አወጣ። ሃምሳ ሰው አንድ ቃል ሲናገር እውነት የተገኘ ይመስላል። ነገር ግን ሃምሳው ሕዝቡን ሳይሆን እርስ በርሳቸው ሲደማመጡ ከርመው ከሆነ፣ ምስክርነታቸው የአንድ ሰው ምስክርነት ነው። በዚህ ላይ ትሪብዩን የሪፑብሊካኖች ደጋፊ፣ ትሩማንን አጥብቆ የሚነቅፍ ጋዜጣ እንደ ነበረ ሲታሰብ፣ ምኞት የዜናን ካባ ደርቦ መውጣቱ አያስደንቅም።

ትሩማን ግን በዚያ ሌሊት በሚዙሪ ክፍለ ሀገር ኤክሴልሲየር ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ ተኝተዋል። በኋላ ራሳቸው እንደ ተረኩት፣ እኩለ ሌሊት ላይ ነቅተው ሬዲዮ ቢከፍቱ ካልተንቦርን የተባሉት ስመ ጥሩ የዜና ተንታኝ፣ ትሩማን ከአንድ ሚሊዮን በሚበልጥ ድምፅ ይመራሉ፤ ቢሆንም ተሸናፊ መሆናቸው አያጠራጥርም ሲሉ ሰሙ። ሰውየውም ተመልሰው ተኙ። ወደ ዋሽንግተን ሲመለሱ በሴንት ሉዊስ ባቡር ጣቢያ ያንኑ ጋዜጣ በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው፣ ጥርሳቸው እስኪታይ እየሣቁ የተነሡት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ዓለምን ያስቃል።

እንግዲህ ፍርዱ ምንድን ነው? ሄኒንግና ባልደረቦቻቸው ዋሽተዋል ማለት አይቻልም፤ ውሸታም እውነቱን ያውቃልና። አለማወቅም ብቻውን ኃጢአት አይደለም። ወቀሳው የሚያርፈው አለማወቅን እንደ ዕውቀት አስጊጦ በማቅረብ ላይ ነው። ሁሉ እስኪጣራ የሚጠብቅ ሰው መቼም አይናገርም የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ እውነትም አለው። ነገር ግን «የሚያሸንፉ ይመስላል» ለማለት ከአንዲት ቃል የበለጠ ወጪ አይጠይቅም ነበር። ያቺን ቃል ያስቀረው የሰዓት ማነስ ሳይሆን የትሕትና ማነስ ነው።

ሣቂውም ቢሆን ከጥያቄ አያመልጥም። ከውጤቱ በኋላ መሣቅ ጥበብ አይደለም፤ ዘግይቶ የመወለድ ዕድል እንጂ። በዚያች ማለዳ፣ ድምፁ ተቆጥሮ ሳያልቅ፣ ጋዜጣውን በጥርጣሬ የገለጠ የቺካጎ ሰው ከነበረ ግን በሣቁ ሊኮራ ይገባዋል።

ከፕሬዚዳንት ላይ ያረፈ የተሳሳተ ርእስ ፎቶግራፍ ሆኖ ያስቃል፤ ባለሥልጣኑ ወንበራቸው ላይ አሉና። ስም በሌለው ሰው ላይ ሲያርፍስ? መምህር በመጀመሪያው ወር በተማሪው ላይ የሚለጥፈው «ሰነፍ» የሚል ስያሜ፣ ኃላፊ ሳያጣራ በሠራተኛው ፋይል ላይ የሚጽፈው ቃል፣ ደራሲ ገጸ ባሕሪውን ሳያውቀው የሚፈርድበት ፍርድ፣ ሁሉም ቆጠራው ሳያልቅ የወጡ አርዕስተ ዜናዎች ናቸው። የእነዚህ ተበዳዮች ግን እርማቱ እስኪወጣ ድረስ ጋዜጣውን ከፍ አድርገው የሚሥቁበት ባቡር ጣቢያ የላቸውም።