የ30 ፓውንድ ድምፅ

ደመወዝ ከተከፈለ ዕዳ ያልቃል ወይ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኛ ግን ሰሞኑን አንድ ሸክላ ከበን ስናዳምጥ ተነሥቶ፣ ሳንስማማ አመሸን።

ሸክላው የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ፒንክ ፍሎይድ በለንደኑ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ቀርጾ በ1973 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ነው። ጊዜ፣ ገንዘብ፣ ሞትና እብደት በሰው ላይ የሚያደርሱትን ያወሳል። አራቱ ሙዚቀኞች ወደ ስቱዲዮ ይዘውት ከመግባታቸው በፊት በ1972 በመድረክ ሲያቀርቡት ቆይተው ነበር።

በፊተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ስለ ሞት የሆነ አንድ ዜማ አለ። መሠረቱን በፒያኖ ያበጀው ሪቻርድ ራይት ነው። በጥር 1973፣ አንድ እሑድ ማታ፣ ክሌር ቶሪ የምትባል ዘፋኝ ተጠራች። ግጥም አልሰጧት፣ ዜማ አልሰጧት። ቃል ልታስገባበት ስትሞክር ቃል እንደማይፈልጉ ነገሯት። እሷም ጉሮሮዋን እንደ መሣሪያ ቆጥራ ጮኸች፣ አቃሰተች፣ ዝግ አለች። 30 ፓውንድ ተቀብላ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ይጠቀሙበታል ብላም አላሰበች።

ሸክላው በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ እስከ 1988 ድረስ ከ700 ሳምንት በላይ ቆየ። ሽፋኑ ላይ ክሌር ቶሪ በድምፃዊነት ተጠቅሳለች፤ የዜማው ደራሲ ተብሎ የተመዘገበው ግን ራይት ብቻ ነበር። የሚገርመው፣ ሸክላው ሲገለበጥ የሚመጣው ዘፈን በሳንቲም ኳኳታ ተጀምሮ በገንዘብ ፍቅር የሚያፌዝ ነው!

ከመካከላችን አንዱ፣ «ማን አስገደዳት? ሠላሳ አሏት፣ ሠላሳ ወሰደች፣ አለቀ!» አለ። የዋዛ ክርክር አይደለም። ሸክላው ከስሮ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡን መልሺ የሚላት አልነበረም። ደግሞስ ድምፁን የቀረጸው አለን ፓርሰንስ፣ በዚያው ዜማ ላይ ስለ ሞት ሁለት ቃል የተናገረው የስቱዲዮው በረኛ፣ ሁሉም ይካፈሉ ሊባል ነው?

እኛ ግን እንዲህ እንላለን። የሌላውን ኖታ የሚጫወት ሰው የሚሸጠው ሰዓቱንና ሙያውን ነው። እሷ ግን ያልነበረ ዜማ ፈጠረች። የተዋዋሉት ስለ አንድ ማታ ድካም ነበር፤ ምን እንደሚወለድ ሻጭም ገዢም አያውቁም ነበርና። ያልታወቀ ነገር እንዴት ዋጋ ይቆረጥለታል? አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ፤ እዚህ ላይ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ አድምቋል።

በ2004 ከሰሰች። በ2005 ነገሩ በስምምነት አለቀ፤ ከዚያ ወዲህ ስሟ ከራይት ጎን በደራሲነት ይጻፋል። ፍርድ ቤት ባይኖርስ ኖሮ? እውነቱን እንነጋገር፦ እኛም ያን ድምፅ ሰምተን ሰውነታችን ሲወረን የማን ነው ብለን አልጠየቅንም። የአራቱን ስም በቃላችን እናውቃለን፤ የእሷን ያወቅነው በክሱ ወሬ ነው።

እንግዲህ ከራሳችን እንጀምር። በሚቀጥለው እትም ጽሑፍ ያወጣነው ብቻ ሳንሆን፣ ስቴንስሉን የመታው፣ ያባዛውና የጠረዘውም በየስሙ ይጠቀስ።