የማናውቀው ሰው ሐቅ

 

ባለፈው ረመዳን ነው፤ እዚህ ቨርጂኒያ። መግሪብ ሊገባ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል፣ ቤት ደግሞ ተምር የለም። የሱፐርማርኬቱ ፓርኪንግ ጢም ብሏል። በሩ አጠገብ ባዶ የነበረው ሰማያዊ ምልክት ያለበት የአካል ጉዳተኞች ቦታ ብቻ ነው። አቆምኩና ሮጬ ገባሁ። ስወጣ ሁሉም እንደነበረ ነው። የተቆጣኝ የለም፣ የቅጣት ወረቀት የለም፣ ዊልቼር ላይ ሆኖ የሚጠብቅ ሰውም የለም። "አልሐምዱሊላህ፣ ማንንም አልጎዳሁም" ብዬ ሄድኩ። (አልሐምዱሊላህ ማለቴ አሁን ያሳፍረኛል።)

ከወራት በኋላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለማቀራቸው ልጆች ሱረቱ ዐበሰን ሳስረዳ ነበር። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የቁረይሽ ታላላቆች እንዲሰልሙ ጓጉተው እያነጋገሯቸው ሳለ፣ ዓይነ ስውሩ ሶሐባ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ) አስተምሩኝ እያለ መጣ። እሳቸውም ፊታቸውን አጨፈገጉ፣ ዞርም አሉ። አላህ በዚህ ወቀሳቸው። አንድ ትንሽ ልጅ እጁን አወጣና፦ "ኡስታዝ፣ ዓይነ ስውር ከሆነ ፊታቸው መጨፍገጉን በምን አወቀ?" አለኝ።

አላወቀም። መልስ ለምን እንደዘገየበት ሊገርመው ይችላል እንጂ ፊት ማየት አይችልም። እሱ ያላየውን አላህ አየለት፤ እስከ ቂያማ የሚቀራ ሱራ ወረደበት።

የተምሩ ምሽት ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። "ማንንም አልጎዳሁም" ያልኩት ማንንም ስላላየሁ ነበር። ቦታው የሚያስፈልገው ሰው እኮ መኪናዬ አጠገብ ቆሞ አይጠብቀኝም። አንድ ሁለቴ ይዞርና ቦታ ሲያጣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኔ ስወጣ እሱ ሄዷል።

ከቦታው ጎን ያሉት ሰያፍ መስመሮችስ? ብዙዎቻችን ትርፍ ቦታ ይመስሉናል። በ1990 በወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ መለኪያ መሠረት ቢያንስ 5 ጫማ ስፋት ሊኖራቸው ይገባል። ዊልቼሩ ከመኪናው የሚወርደውና ተመልሶ የሚገባው እዚያ ላይ ነው። መስመሩ ላይ መኪና ከቆመ፣ ገዝቶ የወጣው ሰው ወተቱን ጭኑ ላይ እንደያዘ የገዛ መኪናው ውስጥ መግባት ያቅተዋል። "ሁለት ደቂቃ ነው" ያለው ሰውዬ እስኪመለስ።

"እኔ እንኳ የእናቴ ካርድ አለኝ" የምትሉም አላችሁ። ካርዱ የእናታችሁ ነው፤ የመኪናው አይደለም። እሷ ቤት ተቀምጣ ካርዷ መስተዋት ላይ ሲንጠለጠል፣ እሷም መጥታለች ብላችሁ እየዋሻችሁ ነው። ደግሞ ካርድ ሰቅሎ በእግሩ ሲራመድ ያያችሁትን ሰው ቶሎ አትጠርጥሩ። የልብና የሳንባ ሕመም ከውጭ አይታይም።

አሁን የከበደኝ ይህ ነው። በእኔና በአላህ መካከል ላለው ጥፋት ተውበት አለ። የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱን አውፍ ማስባል ይፈልጋል። ስሙን የማላውቀውን፣ መልኩን ያላየሁትን ሰው የት ሄጄ አውፍ በለኝ ልበለው? ምናልባት በዚያ ምሽት ማንም አልመጣ ይሆናል፤ እሱንም አላውቅም። ባለቤቱ ላልታወቀ ገንዘብ ዑለማዎች በእሱ ስም ሰደቃ ስጡ ይላሉ። እኔም ሰደቃ ሰጠሁ፣ ዱዓም አደርግለታለሁ። ግን ገንዘብ አልወሰድኩበትም እኮ። ፆሙን እንደያዘ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ድካም በስንት ይተመናል?

ባለፈው ጁምዓ ወደ ኹጥባ ስገባ መስጂዳችን በር ላይ ያሉት መስመሮች ላይ አንድ መኪና ቆሟል። ከሰላት በኋላ ባለቤቱን አገኘሁት። ጥሩ ወጣት ነው፣ ከመጀመሪያው ሶፍ አይጠፋም።

"ባዶ ነበር እኮ ኡስታዝ" አለኝ።

ጫማችንን እያደረግን የልጁን ጥያቄ ነገርኩት።