ኢዮናዳብም ወዳጅ ነበረ

ስለ መልካም ጓደኝነት ስናስተምር ሁልጊዜ ዳዊትንና ዮናታንን እንጠቅሳለን። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ሳደርግ ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን ስሙ ብዙ የማይነሣ ሌላ ወዳጅ ላስታውሳችሁ። ኢዮናዳብ ይባላል፤ የዳዊት ወንድም ልጅ ነው፤ የአምኖን ወዳጅ ነበረ። ታሪኩ በ2ኛ ሳሙኤል 13 ላይ ይገኛል። መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ገልጣችሁ አብራችሁኝ ብታነቡ ደስ ይለኛል።

ቃሉ ስለዚህ ሰው የሚነግረን እጅግ ብልህ እንደ ነበረ ነው። ያደረገውን ተመልከቱ። አምኖን ከቀን ወደ ቀን እየከሳ መሄዱን አስተዋለ። አይቶ ዝም አላለም፤ ቀርቦ ምን እንደ ሆነ ጠየቀው። አምኖንም በልቡ ያለውን ነገረው። ማስተዋል፣ መጠየቅ፣ መስማት፣ ምሥጢር መካፈል፣ ምክር መስጠት፤ ከጥሩ ጓደኛ የምንጠብቀው ይህንኑ አይደለምን? ነገር ግን ያ ምክር ትዕማርን አዋረደ፤ ወንድማማቾችን አጋደለ፤ መካሪው የወደደውን አምኖንን ራሱን ለሞት አበቃው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ሁለቱም ወዳጆች ቀርበው የሚጠይቁ ከሆነ፣ አንዱን መልካም ሌላውን ክፉ የሚያደርገው ምንድን ነው?

ከአህያ የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ሲነገረን ያደግነው ነው። ምክሩ እውነት አለው፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ክፉ ባልንጀርነት ጠባይን እንደሚያበላሽ ጽፎላቸዋል። ችግሩ ክፉ ጓደኛ ከሩቅ የሚታወቅ መምሰሉ ነው። ኢዮናዳብ ከሩቅ አይታወቅም። ዘመድ ነው፤ አሳቢ ነው፤ ጨዋታ አዋቂም ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ዮናታን እንሂድ። ዳዊት በዚፍ ምድረ በዳ በጥሻ ውስጥ ተሸሽጎ ሳለ፣ ሳኦል በየቀኑ ሲፈልገው ሳለ፣ የሳኦል ልጅ ዮናታን ወደ እርሱ ሄዶ በእግዚአብሔር አበረታው (1ኛ ሳሙኤል 23፥16)። ምግብ ይዞለት እንደ ሄደ ወይም የሚያመልጥበትን መንገድ እንዳሳየው አልተጻፈም። የተጻፈው አንተ ትነግሣለህ እንዳለው ነው። ይህን የተናገረው ማን እንደ ሆነ አትርሱ፤ ዙፋኑ በውርስ ይጠብቀው የነበረው ልዑል ነው። ወዳጁን ሲያበረታ የራሱን ዘውድ በገዛ አፉ አሳልፎ እየሰጠ ነበር።

ኢዮናዳብ ምን ከፈለ? ምንም። ከሁለት ዓመት በኋላ አቤሴሎም አምኖንን ባስገደለ ጊዜ፣ የንጉሡ ልጆች ሁሉ አለቁ የሚል ወሬ መጣ። ዳዊት ልብሱን ቀዶ በምድር ላይ ወደቀ። ኢዮናዳብ ግን ቆሞ፣ የሞተው አምኖን ብቻ ነው፤ ይህ ከዚያን ቀን ጀምሮ የታሰበ ነገር ነው እያለ ያስረዳ ነበር። «አምኖን ብቻ»! ያ የመከረው፣ ምሥጢሩን የሰማው ወዳጁ! ለእኔ በዚህ ምዕራፍ ካለው ሁሉ ይህ እጅግ ያስደነግጠኛል። ኢዮናዳብ የአምኖንን ምኞት አገለገለ እንጂ አምኖንን አልወደደም። ዮናታን ደግሞ የዳዊትን ምኞት ሳይሆን እግዚአብሔር በዳዊት ላይ ያለውን ሐሳብ ተመለከተ፤ ዋጋውንም ከፈለ።

አንዳንዶቻችሁ እንዲህ ብላችኋል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦ «ሰው ያሳዝናል፤ ለእኔ ጌታ ይበቃኛል። ስብከቱንም መዝሙሩንም በስልኬ አገኘዋለሁ።» በወንድሞችና በእኅቶች ለተጎዳ ሰው ይህ ቀላል አነጋገር አይደለም፤ አልንቀውም። ግን አዳም ብቻውን መሆኑ መልካም እንዳልሆነ እግዚአብሔር የተናገረው ኃጢአት ወደ ዓለም ከመግባቱ በፊት ነው። አዳም ከአምላኩ ጋር የነበረው ኅብረት ያን ጊዜ አንዳች እንከን አልነበረበትም። ጌታችንም በጌቴሴማኒ ሦስቱን ይዞ ገብቶ ከእርሱ ጋር እንዲተጉ ጠየቃቸው። ከአብ ጋር አንድ የሆነው እርሱ ጠየቀ፤ እነርሱም ተኙ። የተኙበትን አልተዋቸውም። ስብከት በስልክ ይሰማል፤ ስልኩ ግን መክሳታችሁን አያይም።

በአገራችን የሆነውን ደግሞ አስቡ። በ1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ ምእመናኑ ወደ 5,000 ገደማ ነበሩ። ሕንፃው ተወረሰ፤ መሪዎች ታሰሩ። ሌላው ምእመን በጥቂት በጥቂቱ በየቤቱ እየተሰበሰበ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እየዘመረና እየጸለየ ቆየ። ደርግ ወድቆ በ1983 ዓ.ም. በይፋ ሲወጡ ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ያሳደጋቸው ጌታ ነው። ያሳደገበትን መንገድ ግን ልብ በሉ፤ ስድስትና ሰባት ሰው በተቀመጠበት ክፍል አንድ ሰው ሲቀር ቦታው ባዶ ሆኖ ይታያል።

ይህን ስጽፍ በራሴ እያፈርኩ ነው። ከማስተምራቸው ወጣቶች አንዱ ለሦስት ወር ከኅብረት ቀርቶ ኖሮ አላስተዋልኩም። አዳራሹ ሙሉ ነበር፤ መዝሙሩም ደስ ይል ነበር። በኋላ መንገድ ላይ ሳገኘው ለምን እንደ ጠፋ ጠየቅሁት። ጫት ከሚቅሙ ልጆች ጋር እንደሚውል አልደበቀኝም። ከዚያም፣ «ጋሼ፣ እናንተ ጋር ሦስት ወር ስቀር የጠየቀኝ የለም። እነሱ ጋር አንድ ቀን ስቀር ስልኬ አያርፍም» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ስለ ኢዮናዳብ ማሰብ የጀመርኩት በዚያን ዕለት ማታ ነው። እነዚያ ልጆች ቢያንስ መክሳቱን አይተዋል፤ ጠይቀውታል። ኢዮናዳብ ያደረገውን ያህል እንኳ ያላደረግነው እኛ፣ ስለ ዮናታን ለመስበክ ምን አፍ አለን?

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ማታ እኔና ሌላ አንድ ወንድም ከእርሱ ጋር ቡና እንጠጣለን። ጥቂት እናነባለን፤ ብዙውን ጊዜ ግን ስለ ሥራ ፍለጋውና ስለ እናቱ ሕመም ነው የምናወራው። ጫቱን አልተወም፤ ትቷል ብዬ ላስደስታችሁ አልችልም። ባለፈው ሐሙስ አልመጣም፤ ስልኩም ዝግ ነበር። ነገ ከሥራ ስወጣ ወደ ቤቱ እሄዳለሁ።